አርባ አንድ የግራ እግር

በሠላሳ ኪሎ ውስጥ ስንት ሰው ይገባል?

መርፌ መልሱን ሳታውቀው ከወደቡ ወደ ላይ የሚወስደውን ድንጋይ ንጣፍ መንገድ በሩጫ ተያያዘችው። የጨበጠችው ወረቀት ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ቀለሙ መዳፏ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሳጥን፣ ይላል ወረቀቱ። ክብደቱ ከሠላሳ ኪሎ አይበልጥም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይመዘናል፣ መርከቡ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ መርከብ የለም። ጦርነቱን ባቆመው ውል መሠረት አሸናፊዎቹ በማግስቱ ጠዋት ከተማዋን ይረከባሉ፤ የቀረ ቀረ።

መርፌ የሰፈሩ ሰው ያወጣላት ስም ነው። ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአባቷ ጫማ ቤት ውስጥ የላይኛውን ቆዳ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና የምትገጣጥመው እሷ ነበረች። አባቷን ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጋሼ ልኩ ይላቸዋል፤ አንድ ጫማ ሰፍተው ሲጨርሱ «ልኩ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማይወጣቸው።

ለተሸናፊው ጦር ቦት ጫማ የሰፋ ሁሉ ስሙ በአሸናፊዎቹ መዝገብ ተጽፏል ይባል ነበር። ወሬ ነው የሚሉም አልጠፉም። መርፌ ግን ከወንዙ ማዶ ቀድማ በተያዘችው ከተማ ኮርቻ ሰፊዎቹን እየነዱ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ እንዳስገቧቸው በዓይኑ ያየ ጋሪ ነጂ አነጋግራለች። ጋሼ ልኩ አራት ዓመት ሙሉ ለጦሩ ቦት ሰፍተዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ካባ ውስጥ ሳምንት አይሞሉም። ስለዚህ ያን ቀን መርፌ የነበራት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አባቷን መርከብ ላይ ማሳፈር።

በሩን ገፍታ ስትገባ ጋሼ ልኩ መሰላል ላይ ወጥተዋል። ጎረቤታቸው ፀጉር ቆራጩ የደንበኞች ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል።

«ስንት አሉ?» አሉ ጋሼ ልኩ ሳይዞሩ።

«ሠላሳ።»

«ላንቺ ሠላሳ፣ ለኔ ሠላሳ…»

«ለሁለታችን አባባ።»

ፀጉር ቆራጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ጢምዎን ልላጭዎት። ግማሽ ኪሎ እናተርፋለን።»

«አንተ ከምላስህ ብትቀንስልን ሦስት ኪሎ እናተርፍ ነበር» አለች መርፌ።

የቤቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በፎርማ ተሸፍኗል። ፎርማ ጫማ የሚወጠርበት፣ የሰው እግር አስመስለው ከእንጨት የሚጠርቡት ነገር ነው። ሌላው ጫማ ሰፊ በቁጥር የተሠራ ይገዛል፤ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ፣ አርባ ሁለት እያለ። ጋሼ ልኩ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱን ይጠርባሉ። የሰውየው እግር ሲያብጥ፣ አውራ ጣቱ ሲጣመም፣ ጉልበቱ ደክሞ ተረከዙ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል፣ ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ እየለጠፉና በሞረድ እየፈገፈጉ አብረው ያስረጁታል። ስሙን ከውስጥ እግሩ ላይ በእርሳስ ይጽፉበታል። የከተማው ግማሽ እዚያ ግድግዳ ላይ በተረከዙ ተሰቅሎ ነበር።

አሁን ከመካከላቸው አርባ ሰው ለይተው መሬት ላይ ደርድረዋል።

«እነዚህ ሁሉ ባለፉት መርከቦች የሄዱ ናቸው» አሉ ሲወርዱ። «ዳኛው፣ መምህርቷ፣ መነጽር ሠሪውና ሚስቱ። እዚያ ማን ያውቃቸዋል? የመነጽር ሠሪው ሚስት ትንሿ ጣቷ ላይ ያለውን ነገር እዚያ ለማን ታሳየዋለች? ታፍራለች እኮ።»

«እኔ ደግሞ የስፌቱን መኪና ራስ ነቅዬ ልይዝ ነበር» አለች መርፌ። «አሥራ ሁለት ኪሎ ነው። እዚያ ስንደርስ በምን እንሠራለን?»

«መኪና እዚያም አለ።»

«እግርም እዚያ አለ አባባ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ይዞ ነው የሚሄደው።»

«የማላውቀው እግር ነዋ!»

ከተደረደሩት መካከል አንዲት ጠባብ ፎርማ ላይ የመርፌ ዓይን አረፈ። የእናቷ ናት። እናቷ ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል።

«ይቺስ? ለእማማ ጫማ ሊሰፉላት ነው?»

ጋሼ ልኩ ጎንበስ ብለው ፎርማዋን ከዳር ወደ መሃል አስገቧት፤ ቆማ ለደከማት ሴት መቀመጫ እንደሚያገኝላት ሰው። መርፌ ሄዳ የስፌቱን መኪና በጨርቅ ሸፈነችውና ለፀጉር ቆራጩ «ለሚስትህ ስጣት። ፔዳሉ ወደ ግራ ይጎትታል፤ እንዳትታገለው በላት» አለችው።

አርባ ጥንድ ግን ሃምሳ ኪሎ ነው። ከጎረቤታቸው ከዳቦ ጋጋሪዋ በተዋሱት ሚዛን ሁለት ጊዜ መዘኑት፤ ሁለቴም ሃምሳ። ጋሼ ልኩ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩና በድንገት ጭናቸውን መቱ።

«ግራ ግራውን!»

«ምን?»

«ግራ ግራውን እንወስዳለን። ቀኙን እዚያ አወጣዋለሁ።»

የሙያው ደንብ ነው። ጋሼ ልኩን ያስተማሩት ሰውዬ፣ እሳቸውንም ያስተማሯቸው፣ መጀመሪያ የሚጠርቡት ግራውን ነው። ቀኙ ከግራው ላይ ተገልብጦ ይቀዳል፤ ሁለቱ እግሮች የሚለያዩበት ነገር ካለ ግራው ላይ በእርሳስ ይጻፋል። «ቀኙ በጎኑ ሰፋ ይላል»፣ «ቀኙ ተረከዙ ዝቅ ይላል» እየተባለ። ግራው የጠፋበት ጫማ ሰፊ ደንበኛውን አጣ ማለት ነው። ቀኙ ቢጠፋ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ፀጉር ቆራጩ ሳቀ። «ዳኛው ይህን ቢሰሙ! ሰው ሁሉ በሁለት እግሩ ሲሰደድ እሳቸው በአንድ እግራቸው!»

ሳጥኑ ውስጥ ግራ ግራው መግባት ጀመረ፤ አንዱ ተረከዙ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ ሰርዲን እንደሚታሸግ። ቀኞቹ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። አርባኛውን ካስገቡ በኋላ ጋሼ ልኩ ተነስተው ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው በላይ ለብቻው ከተሰቀለው ቦታ አንድ ጥንድ አወረዱ። የልጃቸው ነው፤ የመርፌ ታናሽ ወንድም። ከሁለት ዓመት በፊት ጦሩ ወስዶታል። በሸሚዛቸው እጅጌ አቧራውን ጠረጉ፣ ቀኙን መልሰው ሰቀሉት፣ ግራውን ሳጥኑ ውስጥ አስተኙት።

መርፌ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከአራት ወር በፊት ከጦር ሆስፒታል ደብዳቤ ደርሷታል። የጻፈችው አስታማሚ ነበረች፤ እጅ ጽሕፈቷ የተቻኮለ ነው። ወንድምሽ ተመትቶ ነበር፣ በሕይወት አለ፣ ግራ እግሩ ግን ተቆርጧል ትላለች። ለአባቴ ራሴ እስክጽፍ እንዳትነግሩት ብሏል ትላለች። እሱ አልጻፈም። መርፌ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜም ዝም ተባለች። ከዚያ ጦሩ አፈገፈገ፣ ሆስፒታሉም ከነበረበት ተነሳ ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለአባቷ ብትነግራቸው የሚያደርጉትን ታውቃለች። ኮታቸውን ደርበው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ልጃቸውን ፍለጋ ጠላት መሃል ይገባሉ። ስለዚህ አራት ወር ሙሉ ዝም አለች። ዝምታውን ለምዳው ስለነበር አልከበዳትም፤ ያን ግራ ፎርማ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ እስክታየው ድረስ።

አባቷ የሌለ እግር ይዘው ሊሰደዱ ነው። ያለውን ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰቅለው።

«አባባ፣ ዳቦ ጋጋሪዋን ሳይሰናበቱ ሊሄዱ ነው? ሚዛኗን እንኳ አልመለስንም።»

ጋሼ ልኩ ሚዛኑን ታቅፈው ወጡ። ፀጉር ቆራጩ ጋሪ ሊያመጣ ተከተላቸው። መርፌ ብቻዋን ስትቀር ግራውን ከሳጥኑ አወጣች፣ ቀኙን ከሚስማሩ አወረደች፣ በራስ ሻሿ ጠቅልላ ከታች ቀበረችው። ለምን እንዳደረገችው ብትጠየቅ፣ እኔንጃ፣ አንድ ቀን ከተገኘ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው፣ ትል ይሆናል። ግራውን በሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ልብስ የሚሆን ቦታ ሳጥኑ ውስጥ ስላልቀረ ሁሉንም ደራርበው ለበሱት። መርፌ ሦስት ቀሚስ ደርባ ከበሩ ስትወጣ ፀጉር ቆራጩ አየና «ዛሬ ነው ሰው የመሰልሽው!» አላት። ሳጥኑን ጋሪው ላይ ጫኑ። ጋሼ ልኩ በሩን ቆልፈው ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ጥቂት ቆሙ፤ መልሰው ከፈቱ፣ አንገታቸውን አስገብተው አዩ፣ ቆለፉ። ቁልፉን ለፀጉር ቆራጩ ሰጡት።

መንገዱ ላይ ካፊያ ያዛቸው። ቁልቁለቱ በሰውና በጋሪ ተጨናንቆ ነበር፤ አንድ ወታደር አልጋ ተሸክሞ ሽቅብ ይታገላል፣ አንዲት ሴት የግድግዳ ሰዓት ታቅፋ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ሰዓቱ በየእርምጃዋ ይደውላል። የዚያን ሳምንት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ውሉና ስለ ፈረሙት ጄኔራሎች ገጽ በገጽ ሞልተዋል። ስለ ካፊያው የጻፈ የለም። ለጋሼ ልኩ ቤት ግን ነገሩን የለወጠው እሱ ነበር፤ ደረቅ እንጨት ውኃ ይጠጣል።

የወደቡ መጋዘን ውስጥ ሚዛኑን የያዘው አንድ ሃምሳ አለቃ ነው። ሳጥኑን ብረቱ ላይ አስቀመጡት። ሃምሳ አለቃው ዘንጉን በጣቱ ገፋ፣ አየ፣ መልሶ ገፋ።

«ሠላሳ ከሰባት መቶ።»

«ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ልክ ሠላሳ ነበር!» አለች መርፌ። «ዝናቡ ነው!»

«ዝናቡንም እመዝናለሁ እመቤት። ሰባት መቶ ግራም ይውጣ።»

ጋሼ ልኩ ግን የሰውየውን እግር እያዩ ነበር። «ልጄ፣ የግራ ቦትህ ይቆነጥጥሃል።»

ሃምሳ አለቃው ደንገጥ አለ። «ማን ነገረዎት?»

«አቋቋምህ።»

«ይቆነጥጠኛል አባት። ቢሆንም ሠላሳ ሠላሳ ነው። ከኋላዎ ሁለት መቶ ሰው አለ።»

ጋሼ ልኩ ተንበርክከው ሳጥኑን ከፈቱ። ከሰልፉ አንዷ አንገቷን አስግጋ «እግር ነው እንዴ የያዙት? ኡ ኡ!» አለች፤ ሌላው «ቶሎ በሉ እንጂ፣ በእግራችሁ ልትሄዱ ነው?» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ጋሼ ልኩ አልሰሙም። አንድ በአንድ እያነሱ በመዳፋቸው ይመዝናሉ። ዳኛውን አነሱ፣ መለሱ። መምህርቷን አነሱ። ሚስታቸውን አነሱ፣ ቶሎ መለሱ። እጃቸው እየጠለቀ ሄዶ ከታች ሻሹን አገኘ።

አልፈቱትም። አውራ ጣታቸው በጨርቁ ላይ አንድ ጊዜ በውስጥ ጎኑ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች።

«ይህ ቀኝ ነው።»

መርፌ እጇን ወደ ሻሹ ዘረጋች።

«የወንድምሽ ነው። ቀኙ ነው። ተሳስተሽ ነው?»

የማምለጫ በር ከፍተውላታል። «አዎ» ብትል በቃ ነበር፤ «ቸኩዬ ተሳሳትኩ» ብትል ይቆጧታል፣ ያዝናሉ፣ ይሳፈራሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን አባቷ ቀና ብለው አይተዋታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስፌት ስታዛንፍ እንደሚያዩዋት፣ ራሷ እስክትናገር እንደሚጠብቋት ዓይነት።

«አልተሳሳትኩም።»

ሃምሳ አለቃው እንኳ ዘንጉን መነካካት ተወ።

«ከየት ላይ ነው የተቆረጠው?» አሉ ጋሼ ልኩ።

«ከቁርጭምጭሚቱ በላይ።»

«በምን ያህል?»

«አልጻፉልኝም አባባ።»

«መቼ?»

«አራት ወር ሆነው። በሕይወት ነበር ሲጽፉልኝ። ራሴ እስክጽፍ እንዳትነግሩት ብሎ ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ሆስፒታሉም ተነስቷል።»

ጋሼ ልኩ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ፣ ረጋ ብለው።

«አንቺ ሂጂ» አሉ። «ደርሰሽ ጻፊልኝ። ወንዙ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው።»

«ይይዙዎታል።»

«ይያዙኝ።»

መርፌ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትላቸው የኖረችውን አባቷን፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ አንተ አለቻቸው።

«አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ! አንድ ካባ ውስጥ አብረን እንገባለን። እሱ በክራንች እየተጎተተ ሲመጣ ምን ያገኛል? የተዘጋ በር! ይህን ነው የምትሰፋለት? ይህ ነው ልኩ?»

ማንም አልሳቀም። ፀጉር ቆራጩ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል። ሃምሳ አለቃው ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው።

«አባት፣ ቁስለኞቹን በመርከብ ነው ያሻገርናቸው። ባለፈው ወር፣ ሦስት መርከብ። እርስዎ ወደሚሄዱበት ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አላልኩም።»

እውነቱን ተናግሮ ይሁን ሰልፉ እንዲንቀሳቀስለት ብሎ፣ መርፌ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ስታወጣና ስታወርደው ኖራለች። ጋሼ ልኩ ግን ሃምሳ አለቃውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ፊቱን ሳይሆን ቦቱን። ከዚያ እንደገና ተንበረከኩ። ከሳጥኑ ጥግ አንድ ትልቅ፣ ሰፊ፣ በቆዳ ቁራጭ የተለጣጠፈ ፎርማ አወጡና ለፀጉር ቆራጩ አቀበሉት።

«የማን ነው?» አለ ሰውየው።

«የኔ። የራሴን እግር እዚያም ልለካው እችላለሁ፤ ይዤው ነው የምሄደው።»

ሃምሳ አለቃው ዘንጉን ገፋ። ሠላሳ። ሳጥኑ ላይ በኖራ መስመር አሰመረበት። ፀጉር ቆራጩ የጋሼ ልኩን ግራ እግር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መርፌን «በይ እንግዲህ፣ ሰው አትውጊ» አላት፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። አቀፈችው፤ በሦስት ቀሚስ ውስጥ ሆና መታቀፉ እምብዛም አልተሰማትም።

ከመሳፈሪያው አጠገብ የቴሌግራፍ መስኮት ነበረ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቴሌግራም፣ እስከ አሥር ቃል ይፈቀዳል። ጸሐፊው የራሱን ቦርሳ ከወንበሩ ሥር አዘጋጅቶ እርሳሱን በጆሮው ላይ ሰክቷል።

«ለማን?»

ጋሼ ልኩ የልጃቸውን ስምና ማዕረግ ተናገሩ። ተራ ወታደር። መርፌ የሆስፒታሉን ቁጥር ከደብዳቤው ላይ አነበበች።

«የት ነው ያለው?»

«ባለበት።»

«ባለበት አድራሻ አይደለም ጋሼ።»

«ሌላ የለንም» አለች መርፌ።

ጸሐፊው አያት፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ጻፈ። «እሺ፣ ቃሉን ይንገሩኝ።»

ጋሼ ልኩ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቀኙ እኔ ጋ ነው። ለሌላ ሰው እግርህን እንዳታስለካ። አባትህ።»

«ይህ ምን ማለት ነው?»

«እሱ ያውቀዋል።»

ጸሐፊው በእርሳሱ እየነካ ቆጠረ። «ዘጠኝ ነው። አንድ ቃል ይቀርዎታል።»

መርከቡ ጮኸ። ከኋላቸው ያለው ሰው በሳጥኑ ጫፍ መርፌን ገፋት። ጋሼ ልኩ ያንን አንድ ቃል የሚሆን ነገር ሲፈልጉ፣ ከንፈራቸው አንዴ ሲገጥም አንዴ ሲከፈት፣ መርከቡ ሁለተኛ ጮኸ።

«‹ና› በልልኝ» አሉ።

ጸሐፊው ጻፈና መምቻውን መታ። ሽቦው ላይ የሄደው ቃል አሥር ነበር። መልስ አልመጣለትም፤ በዚያ ሳምንትም፣ በዚያ ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ።